የጉልበቱ እግሮችና የእንቁላል ቅርፊት

ይድረስ ለእትዬ፣ እናት ሆነሽ ላሳደግሽኝ ታላቅ እህቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ አክስታችን ሁሉ ደኅና ናቸው ወይ? እኔ ወፍሬ ሱሪዬ እምቢ ካለኝ በቀር ደኅና ነኝ። ዛሬ የምጽፍልሽ ደስ ብሎኝ ለማን ልንገር ብዬ ነው።

አዲሱን ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ለሚኖሩ ጡረተኛ ሰዓት ሠሪ ምግብ አበስላለሁ። ያልነገርኩሽ፣ ለውሻቸውም እንደማበስል ነው። አትሳቂ! ጉልበቱ ይባላል፤ ገና ቡችላ ነው። ሽማግሌው ከሐዘናቸው ወዲህ ከደጅ የወጡት እሱ ጎትቷቸው ነው።

እኔም አንቺ እኔን እንዳበላሽኝ ላብላው ብዬ፣ ቀይ ሥጋ ከሩዝ ጋር እየቀቀልኩ፣ አጥንቱን እንዳያንቀው እየለቀምኩ ስሰጠው ከረምኩ። ሳህኑን ልሶ ሲጨርስ ደስታዬን አትጠይቂኝ። ታዲያ ከሁለት ወር በኋላ ማነከስ ጀመረ። አንድ ጠዋት ጭራሽ ከምንጣፉ መነሣት አቃተው፤ እግሩን ስነካው ጮኸ። ሰዓት ሠሪው አቅፈውት ተቀመጡ። እኔም በእጄ ሊሞት ነው ብዬ ታክሲ ልጠራ ሮጥኩ።

የእንስሳት ሐኪሟ ራጅ አንሥታ አጥንቱ ሳስቷል አለችን። ምን እንደማበላው ስትጠይቀኝ «ምርጥ ሥጋ!» አልኳት ደረቴን ነፍቼ። «ችግሩ እሱ ነው» አለችኝ። ሥጋ ፎስፈረስ እንጂ ካልሲየም እምብዛም የለውም፤ ሰውነቱ የጎደለውን ከገዛ አጥንቱ እየሸረሸረ ይወስዳል ብላ አስረዳችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለሰዓት ሠሪው «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቢያሰናብቱኝም አልቀየምም» አልኳቸው። እሳቸው ግን «እኔስ ስንት ሰዓት አበላሽቼ ነው ሰዓት ሠሪ የሆንኩት! ይልቅ መፍትሔውን ጠይቃት» አሉኝ።

መፍትሔው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የእንቁላል ቅርፊት! ማዶ ያለው ኬክ ጋጋሪ የሚጥለውን ሰብስቤ፣ አጥቤ፣ ቀቅዬ፣ አድርቄ እንደ ዱቄት እፈጫለሁ። ሐኪሟ ያዘዘችልን ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነው። ቶሎ እንዲድን ሙሉ ማንኪያ ላድርግለት ስላት ተቆጣችኝ፤ ሲበዛም የሚያድግ አጥንት ያበላሻል። ስለዚህ ሰዓት ሠሪው መነጽራቸውን ሰክተው በትንሿ ሚዛናቸው ይመዝኑልኛል። አንድ ቀንማ በቡና መፍጫቸው ፈጭቼ ሳላጥበው ቀርቼ ቡናቸው አሸዋ አሸዋ አላቸው። «እኔንም ልታጠነክረኝ ነው?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ስድስት ሳምንት እንዳይሮጥ ታዝዞ ተኛ፤ ተራ በተራ አጠገቡ ተቀመጥን። ትናንት ሐኪሟ አዲሱን ራጅ አይታ፣ አጥንቱ ጠንክሯል፣ ይሩጥ አለች። ቤት እንደደረስን ሰዓት ሠሪው ከደረጃው ጫፍ ሆነው ጠሩት። አሥራ አራቱን ደረጃ ባንድ ትንፋሽ ወጥቶ ደረታቸው ላይ ተሰቀለ! ከነውሻቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፤ ፊታቸውን ሲልሳቸው ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ። እኔም ጭልፋዬን እንደያዝኩ አብሬ አለቀስኩ።

ባለቤትሽን እጅ እነሣለሁ። ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን በማለፏ እንኳን ደስ አላት፤ መንታዎቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለአክስታችን ጆሯቸው አጠገብ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ አደራ፣ «ለውሻ ያበስላል» በያቸው እንጂ ውሻ የማበስል እንዳይመስላቸው!

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከሰዓት ሠሪው ወጥ ቤት
ግንቦት 14 ቀን