ስምዎ አይገባም

ሰኔ፣ አያት ሰፈር

ይድረስ ለአባቴ

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ በዚህ ዝናብ አላስቸገረዎትም? እማዬ በስልክ «ደህና ነው» ትለኛለች፤ ግን እሷ መቼ ነው ስለ እርስዎ ደህና አይደለም ብላ የምታውቀው? ደረጃውን ሲወጡ ግድግዳውን ሲደገፉ ከሩቅ አይቻለሁ። መድኃኒቱን አያቋርጡ። እኔና ባለቤቴ ገላና እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በአንድ ሆስፒታል እየሠራን፣ በአንድ ኮሪደር እየተላለፍን ደብዳቤ መጻፌ ይገርምዎት ይሆናል። ፊት ለፊት ስንነጋገር እርስዎ ይጮሃሉ፣ እኔ አለቅሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚወራው ስለ እኔ እንባ እንጂ ስለ ጉዳዩ አይደለም። ስለዚህ እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡኝ።

ትናንት ከእርስዎ ክፍል ዶክተር አካሉ ቢሮዬ መጣ። እርስዎ እንደላኩት አልደበቀም። የተማሪዎቼ ጥናት በሐኪሞች ጉባኤ ላይ እንዲቀርብ መመረጡን ሰምተዋል፤ ስምዎ ከሁሉም ፊት እንዲገባ ይፈልጋሉ። ስምዎ ከገባ ጥናቱን የመራችው ተማሪዬ የሰላማዊት የፈተና ውጤት «እንደገና ሊታይ ይችላል» አለኝ። ይህን ሲል ዓይን ዓይኔን አላየም። ውጣልኝ አልኩት። በሩን እንዴት አድርጌ እንደዘጋሁት በጎን ያሉት ይነግሩዎታል።

አባባ፣ እንዴት? እንዴት እዚህ ደረስን?

የሕፃናት ሐኪም ሆኜ ለማስተማር ወደዚህ ኮሌጅ ስመለስ ምርምር ማለት ምን እንደነበረ ያውቃሉ። ተማሪው ሊመረቅ ሲል የቀደመውን ተማሪ ጽሑፍ ይወስዳል፣ የከተማውን ስም ይቀይራል፣ ያስገባል። አንዱማ መቀየሩን ረስቶ፣ የካ ተቀምጦ የጣና ዳር እናቶችን መረመርኩ ብሎ አልፏል። ያለፈው የሚያነብ ሰው ስለሌለ ነው። እኛ መምህራኑም ያው ነን፤ ዕድገት ሲደርስ ጽሑፍ እንፈልጋለን፣ ዕድገቱ ሲገኝ ጥያቄያችንም አብሮ ያልቃል።

ይህ አንገበገበኝና ዓርብ ከሰዓት ተማሪዎችን መሰብሰብ ጀመርኩ። አንድ የታተመ ጥናት እናነባለን፣ ስሕተቱን እንፈልጋለን፣ ከዚያ እያንዳንዱ በሳምንቱ ዋርድ ውስጥ አይቶ ያልገባውን ነገር ይናገራል። መጀመሪያ የመጡት ለብስኩቱ ነበር። መምህራኑን ስጋብዝ «ሥራ ፈታለች መሰለኝ» ተብሎ እንደተሳቀብኝ አውቃለሁ። እርስዎም አብረው ስቀዋል።

ሰላማዊት የመጣችው ኋላ ነው። ቤተሰቦቿ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ይኖራሉ፤ ዝምተኛ ልጅ ናት። አንድ ዓርብ እንዲህ አለች፦ ተራራው ላይ ቤት ተወልደው፣ በጋቢ ተጠቅልለው የሚመጡ ሕፃናት ሲቀዘቅዙ መንገድ ላይ በርዷቸው ነው እንላለን። ግን የሚያቀዘቅዛቸው መንገዱ ነው ወይስ የእኛ ክፍል? መልሱን የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ያን ቀን ቤቴ እስክደርስ ባቡሩ ውስጥ በደስታ ብቻዬን ስስቅ ሰዎች ያዩኝ ነበር።

ጥናቱን በሥርዓቱ አቀደች። የሥነ ምግባር ኮሚቴው አየው፤ የማህፀንና ጽንስ ክፍል ኃላፊ ነዎትና እርስዎም ፈረሙበት። ኅዳርንና ታኅሣሥን ተማሪዎቹ እየተፈራረቁ የሕፃናቱን ሙቀት ለኩ፤ ሲወለዱ ወይም ከደጅ ሲገቡ አንዴ፣ ቆይተው ደግሞ ሌላ ጊዜ። አዋላጆቹ መጀመሪያ ተቀይመው ነበር። ሲስተር ዲንቄ «ልትከሱን ነው?» ብላ በር ዘጋችባቸው። ሰላማዊት «የምንለካው ክፍሉን ነው፣ እናንተን አይደለም» ብላ አግባባቻት።

ውጤቱ ሲሰበሰብ አብዛኞቹ ከተራራው የመጡት ሞቀው ደርሰው፣ የቀዘቀዙት እኛ ጋ ነበር። እኛው ጋ የተወለዱትም እንዲሁ። መስታወቱ የተሰበረው መስኮት አለ አይደል? ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ በቀጥታ ሕፃናቱ የሚመዘኑበት ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፈው። ሁላችንም ካርቶን ለጥፈንበት ስናልፍ ኖረናል። አንዲት ተማሪ ቆም ብላ ጠየቀች። በቃ፣ ጥፋቷ ይኼ ነው።

በመጋቢቱ የምርምር ቀን የሆነውን አዳራሽ ሙሉ ሰው አይቶታል። ልጅቷ ተናግራ ሳትጨርስ ተነሡ። «ማን ፈቀደልሽ?» አሏት። «እርስዎ ፈርመውበታል፣ ፕሮፌሰር» አለች፤ በትሕትና ነው ያለችው። ከኋላ የሳቁት ሌሎች ናቸው፣ እሷ አይደለችም። ሳያነቡ መፈረምዎ ሲታወቅ የተሰማዎትን እፍረት ግን በእሷ ላይ ተወጡት። የእርስዎን ክፍል የሚሰልል ተማሪ ከዚህ ግቢ ሐኪም ሆኖ አይወጣም አሉ፤ ያውም በማይክሮፎን። ተነሥቼ ልናገር ስል «አንቺ ዝም በይ!» አሉኝ፤ እንደ ባልደረባ ሳይሆን ገበታ ላይ እንዳስቸገረች ሕፃን።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ዝም ማለቴ አሁንም ያናድደኛል።

ከዚያ የቃል ፈተናዋን የፈተኗት እርስዎ ነዎት። ጣሏት።

ልጅቷ ከግቢው ጠፋች። ከፈረንሳይ ሰፈር ታክሲ ይዤ፣ ከዚያም በባሕር ዛፉ መሃል በእግሬ ወጥቼ ቤቷ ሄድኩ። አባቷ አባ ዘመንፈስቅዱስ በር ላይ ተቀበሉኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ አያውቁም። «ልጄ ምን አጥፍታ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ምንም አላጠፋችም አልኳቸው። ሰላማዊት ግን ከእንግዲህ የተባለችውን ሸምድዳ እንደምትመረቅ፣ ዓርብም እንደማትመጣ ነገረችኝ። «ጠይቄ ምን አተረፍኩ?» አለች። ተራራውን ስወርድ ጠልቼዎት ነበር፣ አባባ። እንዳልዋሽዎት ብዬ ነው የምነግርዎት።

ያሳደገኝ ሰው እኮ ይህ አልነበረም! በልጅነቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ዋርድ ይዘውኝ ይመጡ ነበር። አንድ ተማሪ «መጽሐፉ እንዲህ ስለሚል ነው» ብሎ ሲመልስልዎ፣ «መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ ይህችን ሴት አይቷታል እንዴ? ሂድና እያት!» ብለው ሲያፈጡበት ኮሪደር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሐኪም ልሁን ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ያ ሰውዬ የት ሄደ? ወንበሩ ነው የበላው? ወይስ እኔ ትንሽ ስለነበርኩ ነው ትልቅ መስለው የታዩኝ?

የአካሉን መልእክት ለሰላማዊት ልደብቃት አልፈለግኩም፤ ጉዳዩ የራሷ ነው። ዛሬ ጠዋት ጠርቼ ነገርኳት። ብትቀበል አልፈርድባትም ነበር፤ ከጓደኞቿ ወደኋላ መቅረት ቀላል አይደለም፣ ይህንንም ነገርኳት። «ዶክተር፣ ፈተናውን እደግመዋለሁ፤ ያልለካ ሰው ስም ግን አይገባም» አለች። ልትወጣ ስትል ዞር ብላ፣ ዓርብ ስንት ሰዓት ነው የምትሰበሰቡት ብላ ጠየቀችኝ፤ እንደማታውቅ ሁሉ!

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው። ስምዎ አይገባም። የመጀመሪያው ስም የሰላማዊት ነው። ከእሷ እንደተለየሁ ዲኑ ጋ ሄጄ አካሉ ያለኝን ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ እርስዎ በሌሉበት ሌሎች መምህራን እንዲፈትኗትም ጠይቄያለሁ። ዲኑ ደንግጦ «አባትሽ እኮ ናቸው» አለኝ። «አዎ፣ አባቴ ናቸው» አልኩት። ሌሎች ፈታኞች እንደሚመድብ ቃል ገብቶልኛል። ከሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው። እሁድ መሪ ሰፈር እናንተ ቤት እንደማልመጣ ለእማዬ ይንገሩልኝ። ምክንያቱንም እርስዎ ራስዎ ይንገሯት።

መስታወቱ እንዲቀየርና ማሞቂያ እንዲገባ ሲስተር ዲንቄ ከጠየቀች ቆየች። ጥያቄዋ ፊርማዎን ነው የሚጠብቀው። አዳራሽ ውስጥ የተናገሩትን ቃል ላለማጠፍ ብለው እንደያዙት ጽዳቶቹ ሳይቀሩ ያወራሉ። ይፈርሙ፣ አባባ። ለእኔ ብለው አይደለም፤ ለሰላማዊትም አይደለም።

ገላና ሌላ ሆስፒታል እንሂድ ብሎ ይለምነኛል። እምቢ ብዬዋለሁ። ከተራራው የሚወርዱት እናቶች የሚመርጡት ሌላ ቦታ የላቸውም፤ እኔም አልመርጥም። ጥር ላይ፣ ብርዱ ሲበረታ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ እገኛለሁ። ያን ቀን የሐኪም ጋዎን አልለብስም፤ እንደ ማንኛዋም እናት ልወልድ ነው የምገባው፤ ቴርሞሜትሩንም የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። እማዬ ገና አላወቀችም። ተቆጥቼም ቢሆን አስቀድሜ የነገርኩት ለእርስዎ ነው።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ልብዎን ያራራልኝ። ሁላችንንም ጥር በሰላም ያድርሰን።

የተቆጣችው ልጅዎ