ከግንባር ላይ ያልተነሣው ግራ እጅ

እታለም የገዛ እጃቸው በቪዲዮ በተቀረጸበት ትምህርት ስምንት ዓመት ሙሉ ፈተና ወደቁ። ይህን የሕይወት ታሪክ የምትጽፈው ታናሽ እህታቸው ከአራተኛ ክፍል አላለፈችም፤ ነገሩ ግን ሆዷ ውስጥ ስለኖረ ከልደታቸው ይቅደም ብላለች።

እታለም ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ዳቦ ቤት ከሚሠሩ እናታቸው በ1957 ዓ.ም. ተወለዱ። የስድስት ልጆች ታላቅ ስለሆኑ ፊደል የቆጠሩት ታናናሾቻቸውን አዝለው ነው። በ1978 ዓ.ም. በነርስነት ተመረቁ። በ1983 ዓ.ም. የአውቶቡስ ሹፌር የሆኑትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። በ1990 ዓ.ም. በሚሠሩበት ሆስፒታል የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ነርሶች አንዷ ሆኑ። ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው፤ መስኮቱ አይከፈትም። ቤት ውስጥ የሰዓት ደወል ሲጮህ የሕሙማኑ ማሽን መስሏቸው ብድግ ብለው የባላቸውን ደረት ይዳብሱ ስለነበር፣ ባለቤታቸው «በሕይወት መኖሬን የማውቀው በእሷ ነው» እያሉ ያሾፉ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. የነርሶች ተከታታይ ትምህርት በኢንተርኔት ሆነ። አንዱ ትምህርት፣ የመተንፈሻ ቱቦ ፕላስተር አቀያየር፣ የተቀረጸው በእታለም እጅ ነው። ያዘጋጁት ሰዎች ግን መጀመሪያውን ቆርጠው ጣሉት። እታለም ፕላስተሩን ከመንካታቸው በፊት ግራ እጃቸውን ሕፃኑ ግንባር ላይ አሳርፈው ቱቦውን በጣታቸው ይይዛሉ። ካልተያዘ ይወጣል፤ ልጁም ትንፋሽ ያጣል። ፈተናው መጀመሪያ ምን ይደረጋል ሲላቸው ቱቦውን መያዝ ይላሉ፤ ኮምፒውተሩ ግን ፕላስተሩን መላጥ ካልተባለ ወደ መጀመሪያው ይመልሳቸዋል። ቪዲዮው አይዘለልም፤ ዐሥር ደቂቃ ካልነኩት ይዘጋል። ከሥራ ደክመው ገብተው ሲያንቀላፉ፣ ታናሽ እህታቸው ማውሱን እየነካካች ትጠብቅላቸው ነበር። ኮምፒውተሩ የሚፈልገውን መልስ ነክተው ይገላገሉ ብላ ብትለምናቸው፣ «እሱን ነክቼ ነገ በማን ልጅ ላይ ላድርገው?» አሏት።

በ2011 ዓ.ም. ትምህርቱን አልጨረሱም ተብሎ የነርስነት ፈቃዳቸው ሳይታደስ ቀረ፤ ከልጆቹ አልጋ ተነሥተው አንሶላ ማደያ ክፍል ተቀመጡ። የማሽኖቹ ጩኸት በግድግዳው ያልፋል። የትኛው አልጋ እንደሆነ ከድምፁ ያውቃሉ፤ መግባት ግን አይፈቀድላቸውም። ወጣት ነርሶች አንሶላ ለመውሰድ መጥተው፣ የቸገራቸውን ሥራ ጠይቀዋቸው ይመለሱ ነበር። ፈተናውንም በየዓመቱ መሞከር አልተዉም።

በ2016 ዓ.ም. ሳንባቸው ታመመ። ሲታከሙ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ59 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና አምስት ታናናሾቻቸውን ትተው ሄደዋል።

በሕመማቸው ጊዜ ታናሽ እህታቸው የትምህርቱ ኃላፊ ቢሮ በር ላይ ዐሥራ አንድ ቀን ተቀመጠች። ኃላፊው «እናቴ፣ እርስዎ ነርስ አይደሉም፣ ይህ አይገባዎትም» ቢላት፣ «ቪዲዮውን ስምንት ዓመት አይቼዋለሁ፤ መጀመሪያው ተቆርጧል። የአንተ ነርሶች በዓመት አንዴ ነው የሚያዩት» አለችው። ያን ጊዜ ያልተቆረጠውን ፊልም አስፈልጎ አየ። ደግሞ ሁለተኛ አየው። ከዚያ መልሱን አስቀየረ፤ የተቆረጠውንም አስመለሰ።

እታለም ሊያርፉ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ኮምፒውተሩን አልጋቸው ላይ ወሰደችላቸው። ቱቦውን መያዝ የሚለውን በጣታቸው ነኩት፤ ትክክል አለ። እታለም የኦክስጅን ጭምብሉን ትንሽ ከፍ አድርገው፣ «በይ አሁን ዝጊው» አሉ።

ዘጋችው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም ወደ መጀመሪያው በማይመልሳት ስፍራ ያሳርፍልን።