አባዬ፣ ውሃ የጠየቅከኝ ቀን

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ማይ ተመናይ ሰፈር ያለው ቤታችን እንደነበረ አለ፤ የጎደልከው አንተ ነህ። ከወሎ አብረውህ የመጡት ጓደኞችህ አገሩ ነፃ ከወጣ ወዲህ አንድ በአንድ ተመልሰዋል። እማዬ ግን ቀብርህን ጥዬ አልሄድም ስላለች እኛ እዚሁ አስመራ ቀርተናል። የኤሌክትሪክ ዕቃህን ሳጥን ማንም እንዲነካው አትፈቅድም።

እኔ ነርስነት እየተማርኩ ነው። ባለፈው ወር መምህራችን አንድ ነገር አስተማረን፤ ከዚያ ወዲህ እህል አልበላ ብሎኛል። ለካ የሰውነታችን ሴል ላዩ ላይ መልእክት መቀበያ፣ ከሥሩ ደግሞ ጂ ፕሮቲን የሚባል ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ሲጠፋ ጂዲፒ የሚባል ነገር ይዞ ቁጭ ይላል። መልእክት ሲመጣ እሱን ይጥልና ጂቲፒ ያነሳል፤ ያኔ ይበራል፣ ሴሉም ሥራ ይጀምራል። ጥቂት ቆይቶ ካነሳው ላይ አንዲት ቁራጭ ራሱ ቆርጦ ይጥልና ይጠፋል። ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ የገጠምከው የደረጃ መብራት ትዝ አለኝ፤ ያ ተጭነነው ፎቁን ወጥተን ሳንጨርስ በራሱ የሚጠፋው። ጨለማ ውስጥ ቀርቼ ስጮህ ከታች ሆነህ ትስቅብኝ ነበር።

የኮሌራ መርዝ ይህን መቁረጥ ይከለክለዋል። አንጀት ውስጥ ያለው ጂ ፕሮቲን እንደበራ ይቀራል፤ ሴሉም ጨውና ውሃ ማፍሰሱን አያቆምም። ሰው ጠጣም አልጠጣም ይፈሳል፣ አባዬ።

ቆላ ለሥራ ወርደህ ኮሌራ ይዞህ ስትመለስ እማዬ ሆድህ እስኪደርቅ ውሃ እንዳልሰጥህ አዘዘችኝ። ጎረቤታችን አደይ ምሕረትም በትግርኛቸው ይህንኑ ደገሙልኝ። ሦስት ጊዜ ለመንከኝ። በሦስተኛው ኩባያውን እንዳታየው አልጋው ሥር ደበቅኩት። ክሊኒክ ስናደርስህ ዘግይታችኋል አሉን። መምህራችን እንዳለው ስኳርና ጨው የገባበት ውሃ ወደ ሰውነት የሚያልፍበት ሌላ በር አለ፤ መርዙ ያንን አይዘጋውም። ቤታችን ስኳርም ጨውም ነበረ።

ባለፈው ሳምንት አደይ ምሕረት በተቅማጥ ወደቁ። ልጆቻቸው ሊከለክሉኝ ቢሞክሩም አልሰማኋቸውም፤ ታክሲ እስኪመጣ ድረስ ስኳርና ጨው በውሃ በጥብጬ አደይን በማንኪያ አጠጣኋቸው። ክሊኒክም ማጠጣቱን ቀጠሉበት። ዳኑ፣ አልሐምዱሊላህ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ታይ ነበር። ቤት እንደገባን፣ አባትሽም ጠጥቶ ቢሆን ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው የዕቃህን ሳጥን መወልወል ያዘች።

የአንተ ሕመም እጅግ ጠንቶ እንደነበር፣ ውሃም ምንም እንደማያደርግልህ ነገርኳት። ዋሸኋት። ፊቷን ብታየው አንተም ትዋሻት ነበር።

ይቅር በለኝ። እሷንም ይቅር በላት፤ ከሁላችንም በላይ እንድትድን የፈለገችው እሷ ነበረች። እውነቱን አንተና እኔ እንያዘው። እሷ በምትኖርበት ዘመን ሁሉ ይህን ውሸት እደግምላታለሁ፤ አንተ ውሃ የለመንክበትን ድምፅ ግን እኔ አንድም ቀን አልረሳውም።

ልጅህ ዘይነብ