አዋቂ የምንለው

መስከረም 8፣ ጧት

ጥፋቱ የአያ ደገፉ ነው። ምስር እየለቀምኩ ትዝ አለኝና እጄን ጠርጌ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ጎሬ፣ ስምንት ዓመቴ። አባቴ ት/ቤት ሊያስገባኝ ፈልጎ ነበር። አዋቂ ሳይጠይቅ ግን በግ እንኳ አይሸጥም፤ ወደ አያ ደገፉ ወሰደኝ። ፊደል ከቆጠረች ቤት አይቆምላትም አለ። ወረቀት ጭሮ በቆዳ ሰፍቶ አንገቴ ላይ አሰረልኝ። ወንድሞቼ ተማሩ። እኔ ውሃ ቀዳሁ። ቤቱም አልቆመልኝም፤ ፊደል ሳልቆጥር ሁለት ባል ፈታሁ።

በስድሳ አንድ ዓመቴ ቆጠርኩ። ደብተሬ፣ አንተ ምስክሬ ነህ። የመጀመሪያ ገጽህ ላይ ስሜ ተሳስቶ «መሉነሽ» ነው። የአዋቂዎች ትምህርት ልጀምር ነው ስል ጎረቤቴ ዘሃራ፣ «እትዬ ሙሉ፣ ጥንቆላ ሊማሩ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ልጇ ሰሚራ ግን ማታ ማታ የኦሮምኛውን ቁቤ ጭምር አስጠናችኝ። አሁን በሁለቱም አነባለሁ።

መስከረም 11፣ 10 ሰዓት

ዘሃራና ባሏ አወል መጡ። ሰሚራ ስምንተኛን አልፋለች። አወል ዘጠነኛ ትመዝገብ ወይስ ያዮ ከተማ ለተጠየቀችበት ቤት ትዳር፣ አልቆረጠለትም። አያ ደገፉ ጋ ሄዷል። ሰውዬው አሁንም አለ፣ በሶር ወንዝ መንገድ። አርጅቶ ድምፁ ተዘግቷል፤ ቃሉን በወረቀት ነው የሚሰጠው። ሰሚራ እንድታነበው አይሰጣትም፣ ነገሩ የራሷ ነውና። አወልና ዘሃራ ደግሞ ማንበብ አይችሉም።

ወረቀቱን ዘረጋሁ። ፊደል የለውም። የዶሮ ጭረት። ገለበጥኩት፤ ያው ነው።

አወል ቆቡን እያሻሸ ምን ይላል አለ።

ልጅቱ ትማር ይላል፣ አልኩ።

እንደሱ ነው የሚለው? አለ። ዓይኔ ደከመ እንጂ ፊደል አልረሳሁም አልኩት። ቶሌ፣ እሺ፣ ብሎ ወረቀቱን እኔ ጋ ትቶ ወጣ። ዘሃራ በሩ ላይ ዞር ብላ አየችኝ።

መስከረም 12

ሰሚራ ተመዘገበች። ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

አመሻሽ ላይ የኔን ክታብ በምላጭ ቀደድኩት። ያው የዶሮ ጭረት። ሃምሳ አምስት ዓመት ተሸክሜዋለሁ። አላለቀስኩም። አያ ደገፉ መጻፍ አይችልም፤ እኔ እችላለሁ።

መስከረም 17

ካደግኩባት ከጎሬ በሚኒባስ አንዲት ሴት መጣች፣ ልጅ አዝላ፣ ማር ይዛ። የአዋቂዋ ቤት ይሄ ነው? አለች። ደብተሬ፣ ካንተ ምን እደብቃለሁ፣ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ቃሉ ሦስት ትርጉም አለው፦ ያደገ ሰው፣ የተማረ ሰው፣ የተሰወረ ይታየኛል የሚል ሰው። አንደኛውን ዕድሜ ሰጠኝ። ሁለተኛውን በላቤ አገኘሁ። ሦስተኛው በማር መጣ።

ወረቀት አወጣች። የአያ ደገፉ። ልጇ ታሟል፣ ሆስፒታል ይሂድ አይሂድ ነው ጥያቄዋ። «ይሂድ ይላል» ልል አፌን ከፈትኩ። ነገ የሚመጣው ወረቀትስ? አያ ደገፉም እንዲሁ ጀምሮ ይሆናል። አፌን ዘጋሁ።

ይሄ ፊደል አይደለም አልኳት። ልጅሽን ዛሬውኑ ውሰጂው፤ ይህን የምልሽ እኔ ነኝ፣ ወረቀቱ አይደለም። ለአወል ልጅ ግን አንብበዋል አሉ፣ አለችኝ። ማሯን ይዛ ሄደች፣ ወደ ሆስፒታሉ አቅጣጫ።

መስከረም 18፣ ጧት 3 ሰዓት

አሁን ከዘሃራ ቤት መመለሴ ነው። ወረቀቱ ፊደል እንደሌለው ለእሷ አስቀድሜ ነገርኳት። አውቃለሁ እትዬ፣ ባላነብም ዓይን አለኝ፣ ለአወል አይንገሩት ብላ እጄን ያዘች። ከትምህርት ያስወጣት ይሆናል የሚለው ፍርሃት እኔንም ይዞኛል። ግን ሰሚራ ትምህርት ቤት በውሸት ከገባች፣ ነገ በሌላ ውሸት ትወጣለች።

ሁለቱን ወረቀት፣ የኔንና የሰሚራን፣ አወል ፊት አስቀመጥኩ። ሰሚራን አንብቢ አልኳት። አገላብጣ አይታ፣ አባ፣ ምንም አልተጻፈበትም አለች።

አወል ወደ እኔ ዞረ። ታዲያ ትማር ያለው ማነው?

እኔ ነኝ። ሙሉነሽ።

ሁለቱን ወረቀት እያስተያየ ቆየ። ከዚያ የሷን አጥፎ ኪሱ ሳይሆን ምድጃው ውስጥ ከተተው። ቶሌ፣ እርስዎ ካሉ ትማር፣ አለ።

እኔ ካልኩ። ደብተሬ፣ ይህን ሁለት ጊዜ ጻፍልኝ። እኔ ካልኩ።

የምለው ካለኝ በስሜ እላለሁ። ከእንግዲህ ያልተጻፈ አላነብም።