ሐዋ ያላየችው ክረምት

ሰኞ፣ የካቲት 4

"ላም አለችን። ላሟ ነጭ ናት። ላሟ ወተት ትሰጣለች።" አርባ ሦስት ደብተር አርሜ አርባ ሦስት ላም ቆጠርኩ። ለመሆኑ አሰብ ውስጥ ላም ያለው ማን ነው? ፍየሎቹ እንኳ ካርቶን እየበሉ ነው የሚውሉት። ልጆቼ የሁለተኛ ክፍል ዓረፍተ ነገራቸውን እንደያዙ አራተኛ ክፍል ደርሰዋል።

ጥፋቱ የእኔም ነው። ባለፈው ሳምንት ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ላስተምር ብዬ "ዝናብ ስለዘነበ ገበሬው ደስ አለው" የሚለውን ከመጽሐፉ ሰሌዳ ላይ ገለበጥኩ። የከባድ መኪና ሹፌር ልጅ የሆነው ብርሃኑ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ጣሪያው አያፈስበትም እንዴ?" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ትምህርቱ እዚያው ቀረ።

ዛሬ ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ጓድ ክፍሌ አስጠርተውኝ የሐዋን ነገር አነሱ። ሐዋ አምና ዒድ ከምትባል የባሕር ዳር መንደር መጥታ ወደብ ከሚሠሩት አጎቷ ጋር የምትኖር የአፋር ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። በሒሳብ የሚደርስባት የለም። አማርኛ ጻፊ ሲሏት ግን እርሳሱ እጇ ላይ ድንጋይ ይሆናል። "ዓርብ ራሴ መጥቼ ክፍሉን እፈትናለሁ። ይቺ ልጅ የረባ አንድ ገጽ ካልጻፈች ሁለተኛ ክፍል ትወርዳለች" አሉኝ። ከእነዚያ የወተት ጥርስ ከሚነቅሉት ሕፃናት ጋር ልትቀመጥ! ተናድጄ ወጣሁ። መናደድ ግን አንድ ገጽ አይጽፍም።

ከእማዬ ደብዳቤ ደርሶኛል፣ ከደሴ። "ልጄ፣ የምትልኪልኝ ደብዳቤ ነው ቴሌግራም?" ትላለች። የምጽፍላት ይኸው ነው፦ ደህና ነኝ። ሙቀት ነው። ሰላም በዪልኝ። ሌላ ምን ልበላት?

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ሙከራ አንድ፦ አያያዥ ቃላትን ካርቶን ላይ ጽፌ አደልኳቸው። ብርሃኑ የደረሰውን ሁሉ ባንዴ ጨረሰ፦ "ስለዚህ ምንም እንኳን ነገር ግን ስለሆነም አባቴ መጣ።"

ሙከራ ሁለት፦ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ሰጥቼ አገናኙ አልኩ። መሃል ላይ "እና" ከተቱ። አርባ ሁለቱም።

ሐዋ ብቻ "ባሕር አለ" ብላ ጽፋ እርሳሷን አስቀመጠች። እውነቷን ነው፣ አለ።

ደወል ሲደወል ሁሉም ወጥቶ እሷ ቀረች። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ "ቲቸር፣ አጎቴ ሁለተኛ ክፍል ከወረድሽ ወደ እናትሽ ትመለሻለሽ ብሏል" አለችኝ። ዒድ ከገባች ማን ያስተምራታል? ዓሣ ማድረቅ ነው። ምሳዬን በቅጡ ሳልበላ ዋልኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ዛሬ ሞኝ ሆኜ ነው የዋልኩት፣ ደስ የሚል ሞኝ!

ሙቀቱ በረድ ሲል አጎቷን አቶ ዓሊን ልለምን ቤታቸው ሄድኩ። ገና ሰላም እንዳልኩ ስለ ሐዋ ልጀምር ስል በእጃቸው አስቆሙኝ። "አስተማሪ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ። ወሬሽን ንገሪን። ከየት መጣሽ? ማንን አየሽ?"

"ከትምህርት ቤት ነው የመጣሁት። አዲስ ነገር የለም።"

ሳቁብኝ። "ያን ሁሉ መንገድ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የመጣሽው?"

በዚህ መሃል ሱቅ ተልካ የነበረችው ሐዋ ባዶ እጇን ገባች። አጎቷ ፊት ቁጭ አለችና በአፋርኛ ጀመረች። ያቺ ዝምተኛ ልጅ! ትንፋሽ ሳትወስድ፣ በእጇ እያሳየች፣ እሳቸው "እህ፣ ከዚያስ?" የሚሉ በሚመስል ድምፅ እየተቀበሏት። ምን አለች ብዬ ብጠይቅ እንዲህ ተረጎሙልኝ፦ "ሱቁ ጋ ስደርስ ተዘግቶ ስላገኘሁት ባለሱቁ የት እንደሄደ ጎረቤቱን ብጠይቃት፣ ዛሬ ከዒድ በገባው ጀልባ እህቱ ስለመጣች ሊቀበላት ወደብ እንደወረደ ነገረችኝ፤ እኔ ግን በዓይኔ አላየሁትም።"

ባንድ ትንፋሽ! ይቺን ልጅ ነው ዓመቱን ሙሉ "ላም አለችን" ሳስጽፍ የኖርኩት።

"ይሄ ዳጉ ነው" አሉ አቶ ዓሊ። "አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ከተገናኘ ቁጭ ብሎ ወሬውን ይሰጣል። ያየኸውን አየሁ ትላለህ። የሰማኸውን ከማን እንደሰማህ ትናገራለህ። ሳታይ አየሁ ካልክ ሁለተኛ የሚሰማህ የለም።"

የመጣሁበትን ስነግራቸው "ዓርብን እንይ" ብቻ አሉኝ። እሺም እምቢም አይደለም። እኔ ግን እየሮጥኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

ወንበሮቹን ግድግዳ አስጠግተን ሲሚንቶው ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነን ተቀመጥን። አንዱ ከመንገድ የመጣ ነው፣ ሌላው ይጠይቃል። መቼ? ከማን ሰማህ? ለምን? ከዚያስ? ጠያቂው እስኪረካ ማቆም ክልክል። ከዚያ የተባለውን መጻፍ።

ክፍሉ የዓሣ ገበያ ሆነ። ሕጉን የምታስከብረው ሐዋ ነበረች፤ በየመሃሉ እየዞረች "አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?" ትላለች። የነዳጅ ማጣሪያው ቴክኒሻን ልጅ ሻርክ አየሁ ብሎ ሦስት ጊዜ ከተጠየቀ በኋላ የሻርክ ሥዕል ማየቱን አመነ። ብርሃኑ ለሐዋ አባቱ በክረምት መንገድ ላይ የገጠመውን ሲነግራት ቃል አላመለጣትም፤ "ከዚያስ? ከዚያስ?" እያለች አላበችው።

ደብተሮቹን እያረምኩ ብቻዬን ሳቅኩ። ላም የለም! አንድም ላም የለም! ሐዋ ግን ለመጻፍ ጊዜ አላገኘችም፤ ስታዳምጥና ስትዳኝ ነው የዋለችው። ነገን ፈራሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 8

ጓድ ክፍሌ መጡ። ጠመኔ አነሱ። ርዕሱን ጻፉ፦ "ክረምት"።

"ጓድ ክፍሌ፣ እዚህ እኮ ክረምት..." ብዬ ጀመርኩ።

"ከመጽሐፉ ነው" አሉ።

ሐዋ ክረምት አይታ አታውቅም። ዒድ ተወልዳ ያደገች፣ ከዚያም አሰብ የመጣች ልጅ ከየት ታየዋለች? ሰሌዳውን አየች፣ ወረቀቷን አየች፣ ከዚያ ዞራ ብርሃኑን ትኩር ብላ አየችው። ጓድ ክፍሌ "ወደ ፊት!" ብለው ጮኹ። ጎንበስ አለች። እስከ ደወሉ ድረስ ቀና አላለችም።

ሲያነቡት ከኋላቸው ቆሜ አብሬ አነበብኩ፦

"ክረምትን እኔ አላየሁትም። የብርሃኑ አባት አይቶ ለብርሃኑ የነገረውን፣ ብርሃኑም ትናንት የነገረኝን እጽፋለሁ። የብርሃኑ አባት ጨው ጭኖ ወደ ደጋ ሲወጣ ዝናብ መጣ፤ ጨው ውሃ ስለማይወድ በጣም ፈራ። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር መኪናውን አቁሞ ሲወርድ፣ ውሃው መሃል ድንጋይ ላይ የቆመች ፍየል አየ። ባለቤቷ አሮጊት ዳር ቆማ ስታለቅስ ስላሳዘነችው ገመድ መኪናው ላይና ወገቡ ላይ አስሮ ገባ። ውሃው ደረቱ ላይ ሲደርስ"

እዚህ ላይ ገጹም ሰዓቱም አለቀ።

ጓድ ክፍሌ ወረቀቱን ገለበጡት። ጀርባው ባዶ ነው። መነጽራቸውን አወለቁ። "ከዚያስ?" አሏት።

"ደወል ተደወለ" አለች ሐዋ።

"ነገ ጠዋት ጨርሰሽ ቢሮዬ አምጪልኝ።" ወጡ። አለፈች አላሉ፣ ወደቀች አላሉ! ምን ዓይነት ሰው ናቸው?

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ሐዋን ይዤ ቢሮ ገባሁ። አጎቷ ውጭ ጥላው ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ጓድ ክፍሌ ሁለተኛውን ገጽ ቆመው ማንበብ ጀምረው፣ ተቀምጠው ጨረሱ። ፍየሏ ድናለች። ጨዉ ግን ሸራው ተከፍቶ ስለነበር ግማሹ ቀልጧል። የመጨረሻዋ መስመር "አሮጊቷ ምን እንዳለችው ብርሃኑ ስላልነገረኝ አላውቅም" ትላለች።

ጓድ ክፍሌ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። "ይቺን ልጅ ሁለተኛ ክፍል ባወርዳት የሚያስተምራት ማን ነው?" አሉና ስሟን በአራተኛ ክፍል መዝገብ ላይ እንዳለ ተዉት። ደስ ብሎኝ ጠመኔ በነካው እጄ ፊቴን ሁሉ አቀለምኩት።

ውጭ አቶ ዓሊ ምን ሆነ ብለው አልጠየቁም። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሐዋም ፊታቸው ተቀመጠች፤ ከሰሌዳው ጀምራ ነገረቻቸው። የጓድ ክፍሌን ሳቅ ስታሳይ አፋርኛ ሳላውቅ ገባኝ። አዳምጠው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። "እሷ እንዲህ ትላለች። አንቺስ ምን አየሽ?"

እኔም ተቀመጥኩ፤ ነገርኳቸው። "ሰኞ በጊዜ ትመጣለች" አሉኝ።

የብርሃኑ አባት ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ወደ ደጋ ለመውጣት ይነሳል፤ በደሴ ስለሚያልፍ ለእማዬ ደብዳቤ አድርስልኝ ብዬዋለሁ። አሁን ስምንት ተኩል ሆኗል። ሦስት ገጽ ጽፌላት ገና ረቡዕ ላይ ነኝ። ሰውዬው ትንሽ ይጠብቀኝ እንጂ ምን ላድርግ!