ቢጫው ሳህን

ውድ መንትያዬ ካሳሁን፣

እሁድ ሐራ ድረስ መጥቼ በርህን ስደበድብ ውስጥ ነበርክ። ሲያስልህ ሰምቼሃለሁ። ስልክህንም ዘግተሃል። እንግዲህ ምን ላድርግ? ጽፌ የማላውቀውን ደብዳቤ እየጻፍኩልህ ነው፤ ሹፌሩ ኤፍሬም በሚኒባሱ ሲያልፍ በበርህ ሥር ያስገባልሃል። ወረቀቱን ያቆሸሸው የጋራዡ ግሪስ ነው፣ ታገሠኝ።

ዶክተሩ ያለንን አብረን ነው የሰማነው። ስሙ መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው አለን፤ የሰውነትህ መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ነርቭህን ሽፋን ያጠቃል። ለዚህ ነው ሰው ጭነህ ስትነዳ እግርህ ፍሬኑን አልረግጥ ያለህ፣ ለዚህ ነው መርሳ መግቢያ ላይ አንዱ መንገድ ሁለት ሆኖ የታየህ። ከዚያ መንትዮች መሆናችንን ሲያይ፣ አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከበሽታው ጋር ግንኙነት ሳይኖራቸው እንደማይቀር፣ አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ በሆነባቸው መንትዮች ላይም እየተጠና እንደሆነ ነገረን። አንተ ባክቴሪያ መባሉን ስትሰማ ፊትህ ጠቆረ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የሰማህ አይመስለኝም።

ቤት እንደገባን ሳህንህን ለየህ፣ ቢጫውን። ኩባያህንም። እማ ልታጎርስህ እጇን ስትዘረጋ ፊትህን አዞርክባት። ወይ ካሳሁን! «ምን አደረግኩት?» እያለች ስታለቅስ ዋለች። ትንሽ ቆይተህ ልብስህን ጠቅልለህ ሐራ ቤት ተከራየህ። እኛን ልታተርፍ መሆኑ ነው። በአንድ ማሕፀን አድረን፣ ከአንድ ሳህን እየተሻማን አድገን፣ ወጡን ወደ ራስህ ስትጎትት ኖረህ አሁን ነው ንጽህና ትዝ ያለህ?

ዶክተሩን ደውዬ ጠየቅኩት። «አብሮ በመብላት አይተላለፍም፣ ወደ ቤቱ ይመለስ» አለኝ። «እሺ፣ የእኔ አንጀት ደህና ከሆነ ባክቴሪያውን ከእኔ ውሰዱና ለእሱ ስጡት» አልኩት። እንዳትስቅ። ደም ይሰጣል፣ ኩላሊት ይሰጣል፣ ይሄ እንዴት ያቅታል ብዬ ነው። «ወንድሜ፣ እሱ ገና ጥናት ላይ ነው፤ ለዚህ በሽታ መድኃኒት አልሆነም» አለኝ። እኔ ካንዱ መኪና ፈትቼ ለሌላው እየገጠምኩ የምኖር ሰው፣ ላንተ የምፈታው ብሎን አጣሁ። ስልኩን ዘግቼ መኪና ሥር ገብቼ አለቀስኩ፣ ደንበኛ እንዳያየኝ።

እማ ደግሞ «የአንጀት ከሆነማ ኮሶ ይጠጣ» ብላ ጎረቤታችንን ዘውዱን ልካ ከግራና ከተማ ኮሶ አስመጥታለች። እሱ እንዲህ አይደለም ብላት አትሰማኝም። እሷም ዝም ብላ መቀመጥ አቅቷት ነው።

ይሻልሃል ልልህ አልችልም። ነገ እግርህ ምን እንደሚሆን ዶክተሩም አያውቅም፣ እኔማ ምን አውቄ። በጣም ፈርቻለሁ፣ ካሳሁን።

ግን አንድ ነገር ስማኝ። ከሄድክ ጀምሮ በቢጫው ሳህንህ የምበላው እኔ ነኝ። በኩባያህም እየጠጣሁ ነው፤ የመጀመሪያ ቀን ሳላጥበው ነው የጠጣሁበት። የሚጋባ ቢሆን ኖሮ ይኸኔ ይዞኝ ነበር። እንግዲህ የምትሸሸኝበት ምክንያት የለህም፣ ማርያምን!

ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ። ከፈትክ፣ አብረን ወደ ቤት እንሄዳለን። ካልከፈትክ ሳህኑን ይዤ ደጅህ ላይ ቁጭ ብዬ እበላለሁ፤ ግማሹን ትቼልህ።

ቀድመኸኝ ስለተወለድክ ብቻ ስታዘኝ የኖርከው፣
ደጀን