ከዜሮ እስከ አሥር፣ ለግራ ጉልበቴ

ጃንዋሪ 10
ለሚመለከተው ሁሉ፦ የግራ እግር ካልሲዬን ለማጥለቅ ዛሬ ጠዋት የተጀመረው ድርድር ከሃያ ደቂቃ በኋላ ያለ ስምምነት ተቋርጧል። ጉልበቴ አልታጠፍም አለ። በአንድ ካልሲ ዋልኩ።

ማክሰኞ ይቀየራል። አውጥተው ብረትና ፕላስቲክ ሊያስገቡልኝ ነው። ስድስት ዓመት ጎተትኩት... ምን እየጠበቅኩ ነበር?

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በሜይ ሦስተኛው እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን የአስተናባሪዎች ቀን ነው። ነጭ ጓንት፣ ግራ እጅ ከወገብ በስተኋላ፣ ከበሩ እስከ መድረኩ ሰልፍ። መሐለኛውን በር ይዤ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሜያለሁ። ጸሎት ላይ አርፍዶ መጥቶ፣ እኔ ሳልፈቅድ ገብቶ የተቀመጠ ሰው በሜከን ከተማ የለም። የከንቲባው ሚስት ሳትቀር ቆማ ጠብቃለች።

ጃንዋሪ 15
አለሁ። አጠገቤ ሚስተር ሃቺንስ የሚባል ነጭ ሰውዬ ተኝቷል። ያው ሐኪም፣ ያው ቀን፣ ያው ግራ ጉልበት። ከቁርስ ጀምሮ ይጮኻል። ነርሷ አራት ጊዜ ተመላለሰችለት። እኔ ትራሴን ነክሻለሁ።

“እርስዎስ ሚስተር ባትል?”
“ደህና ነኝ እመቤቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።”

እህቴ ዩላ ነርሷ እስክትወጣ ጠበቀች። “እኔ ቤት ጥርሴን አመመኝ ብለህ ሳምንት ሙሉ ታለቅሳለህ። ነጭ ሐኪም ስታይ ግን ትሞታታለህ እንጂ አትናገርም።”

አባታችን ነው እንዲህ ያሳደገን። ነጮች ፊት አታቃስቱ፣ ክኒን ፈላጊ ሱሰኛ ይሏችኋል... እሷ እንዴት ረሳችው?

ፌብሩዋሪ 25
ቅጽ ሰጡኝ። ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው? ደረጃ ሲወርዱስ? ከመኪና ሲወጡስ?

“ዘጠኝ በል” አለች ዩላ።
“ሰው ያየዋል እኮ።”
“እንዲያዩት አይደል የጠየቁህ?”

ሦስት ጻፍኩ። ዜሮ ብዬ እንዳልጽፍ ውሸት ይሆናል፤ እኔ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ።

ማርች 6
ደብዳቤ መጣ። እንኳን ደስ አለዎት ይላል። በጥሩ ሁኔታ ስላገገሙ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮዎችዎ እዚህ ላይ ተጠናቀዋል። ከሥር በደቃቅ ጽሑፍ፦ ጥቁር ታካሚዎቻችን ስለ ጉልበታቸው ማገገም የሚሰጡት ውጤት ከነጮቹ ዝቅ ብሎ ስለተገኘ ሆስፒታላችን ልዩነቱን እየተከታተለ ነው፤ የእርስዎ መልስ ግን ተስፋ ሰጪ ነው።

የወገኖቼን አማካይ ከፍ አድርጌያለሁ ማለት ነው። ሐውልት ይገባኛል። ቢቻል የተቀመጠ።

ማርች 10
ደወልኩ። ቀጠሮው ይመለስልኝ ልል።
“እዚህ ሕመምዎ ሦስት ነው ይላል ሚስተር ባትል።”
“አዎ፣ ግን...”
“ግን?”
“...ደህና ነኝ። አመሰግናለሁ።”
ምን ነካኝ?

ማርች 27
ሃቺንስን ገበያ አገኘሁት። ያለ ምርኩዝ። ድንች ሊያነሣ ቁጢጥ አለ፤ እኔ እያየሁት።

“አንተ ስንት ጻፍክ?” አልኩት።
“ዘጠኝ። አሥር ልል ነበር፣ ሚስቴ አፈረችብኝ። አሥራ ሁለት ቀጠሮ ጨመሩልኝ።”

የእኔንም ድንች አንሥቶ ሰጠኝ። ልጠላው ሞከርኩ። ጥሩ ሰው ሆኖ አስቸገረኝ።

ኤፕሪል 17
ስንት ለምኜ ቀጠሮ አገኘሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው። ዘጠኝ አልኩት። ኮምፒውተሩን አየ።

“ሦስት ነበር።”
“ዋሽቼ ነው።”
“ሚስተር ባትል... ጠንከር ያለ ክኒን ፈልገው ነው?”

አባቴ ከተቀበረበት ሆኖ “አላልኩህም?” አለኝ። ክኒንህን አልፈልግም፣ መታጠፍ ነው የምፈልገው አልኩት። ለካኝ። ሰባ ዲግሪ ብቻ ታጠፈ። “ቀደም ብለው ነግረውን ቢሆን አደንዝዘን እናጥፈው ነበር። አሁን ጠባሳው ደንድኗል።”

ቀደም ብለው...

ዩላ ሳትቆጣኝ እግሬን በሁለት እጇ አንሥታ መኪና ውስጥ አስገባችልኝ። ዩላ! የፈራሁት ያን ጊዜ ነው።

ሜይ 4
ፓስተር ግሪንሊ መጡ። “ወንድም ባትል፣ ዘንድሮ ይረፉ።” ከዘንድሮ በኋላስ? አልጠየቅኩም። በሩን አስተናባሪዋ እህት ላቬርን ትይዛለች።

ሜይ 18
ሰልፉ ተደረገ። እኔ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ጫፉን ይዤ፣ እግሬ መተላለፊያው ላይ ተዘርግቶ። ላቬርን ከበሩ ሆና በጓንቷ ምልክት ሰጠችኝ፦ እግር ይሰብሰብ። ምልክቱን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አልተሰበሰበም። ሃያ ሁለት አስተናባሪ አንድ በአንድ እግሬን እየዞረ አለፈ። ማንም ቁልቁል አላየም። እሱንም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

አንዲት እንግዳ ሴት ጎንበስ ብላ፣ “አመመዎት እንዴ አባ?” አለችኝ።
“ደህና ነኝ” አልኳት።

እርማት፦ በፌብሩዋሪ 25 ቀን በተሞላው ቅጽ ላይ የታካሚው ሕመም “ሦስት” ተብሎ የተመዘገበው ስሕተት ስለሆነ “ዘጠኝ” ተብሎ ይነበብ። እርማቱን የሚቀበል ክፍል ስላልተገኘ በዚህ ደብተር ብቻ ወጥቷል።